ድንጋይ በኪሎ ሲገዛ

ባለፈው እትም ሳሎኔ ውስጥ ስላለችው ትንሽ የጨው ውኃ አኳሪየም፣ የባሕር ዓሣ ስለሚኖርባት የመስታወት ገንዳ፣ ነካ አድርጌ ነበር ያለፍኩት። ይኸው በዚህ ወር የመጣው ጥያቄ ሁሉ ስለ እሷ ሆነ። የሚገርመው፣ ስለ ዓሣ የጠየቀ የለም ማለት ይቻላል። ሁሉም ስለ ድንጋይ ነው። እኔም ደስ ብሎኛል፤ ነገሩ የሚጀመረው ከድንጋዩ ነውና።

ለማታውቁኝ፦ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ዱባይ ሰው ቤት ሠርቻለሁ። እዚያ ቤት ሳሎን ውስጥ ግድግዳ የሚያክል የኮራል አኳሪየም ነበር፤ ኮራል ማለት ባሕር ውስጥ የኖራ አጥንት እየሠራ የሚኖር እንስሳ ነው። መስታወቱን መወልወል የእኔ ሥራ ነበር። እየወለወልኩ ማየት ጀመርኩ፤ እያየሁ መጠየቅ መጣ። በየሁለት ሳምንቱ ገንዳውን የሚንከባከብ ፊሊፒናዊ ባለሙያ ይመጣል። እኔ ባልዲ እይዝለታለሁ፣ እሱ ያስረዳኛል። ዛሬ እናንተ ላይ የምፈላሰፈው ባልዲ ይዤ የተማርኩትን ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ 60 ሊትር የሚይዝ መስታወት አሠርቻለሁ። ምኞቴ ጥቂት ኮራልና ሁለት ክላውን ፊሽ ነው። አዲስ አበባ ያገኘሁት ሻጭ «10 ኪሎ ላይቭ ሮክ ውሰድ፣ በነጋታው ዓሣ ትከታለህ» አለኝ። ዋጋው የወር ደመወዜን ጠራርጎ ይወስዳል። ልግዛ? ከገዛሁስ ምኑን አይቼ ልምረጥ? (ወጣት አንባቢ፣ ደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለጊዜው ብሩን ኪስህ አድርግ። መጀመሪያ የምትገዛውን ነገር እንወቀው።

ላይቭ ሮክ፣ ሕያው ድንጋይ እንበለው፣ የሞተ ኮራል አጥንት ነው። ኮራል ለዘመናት ሲገነባው ኖሮ ትቶት የሄደ ኖራ። ድንጋዩ ራሱ ሕይወት የለውም፤ ሕያው ያሰኙት ተከራዮቹ ናቸው። በየቀዳዳው ባክቴሪያ አለ፣ ጥቃቅን ትል አለ፣ ስፖንጅ የሚባል የባሕር እንስሳ አለ። ላዩ ላይ ደግሞ እንደ ቀለም የተለጠፈ ሮዝና ወይን ጠጅ አልጌ (ውኃ ውስጥ የሚበቅል ዕፅዋት መሳይ ነገር) ይታያል። ከነዚህ ሁሉ አንተ የምትፈልገው ባክቴሪያውን ነው። ዓሣ በልቶ ያወጣል፣ የተረፈው ምግብ ይበሰብሳል፣ ከዚያ አሞኒያ ይመጣል። አሞኒያ መርዝ ነው። አንዱ ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል። ይሄም መርዝ ነው። ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ይሄኛው በመጠኑ ከሆነ ዓሣው ይችለዋል። ጠለቅ ብሎ ደግሞ፣ ኦክስጅን በማይደርስበት ጓዳ፣ ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ የሚለውጡ አሉ። ጋዙ ወደ አየር ይወጣል፣ አለቀ።

እንግዲህ ብርህን የምታወጣው ለቀዳዳው ነው። ኪሎ የሚያታልለውም እዚህ ላይ ነው። እንጀራ ስትገዛ ዓይኑን ታያለህ አይደል? ዓይን የሌለው እንጀራ ይከብዳል እንጂ ወጥ አይዝም። ድንጋይም እንደዚያው ነው። የቆየው ልማድ ለአንድ ሊትር ውኃ ከ100 ግራም ትንሽ ከፍ ያለ ድንጋይ ይላል። ላንተ 6 ወይም 7 ኪሎ መሆኑ ነው። ግን በቀዳዳ የተሞላ ቀላል ድንጋይ ካገኘህ 5 ኪሎ ይበቃሃል፤ ድፍን ከሆነ 10 ኪሎም ያን ያህል አይሠራልህም። ሻጩ የሚሸጠው በኪሎ ስለሆነ ድፍኑን ቢያነሳልህ አትፍረድበት። አንተ ግን ሁለት ተመሳሳይ መጠን ያላቸውን በሁለት እጅህ አንሳና ቀለል ያለውን ያዝ።

ቀጥሎ አሽትተው። አፍህን ይዘህ አትሳቅ፣ የምሬን ነው። ጥሩ ሕያው ድንጋይ ጨዋማ፣ እርጥብ አፈር አፈር የሚል ሽታ አለው። ባሕር ሸትተህ የማታውቅ ከሆነ ዝናብ የመታው ጎተራ ሥር ያለውን ሽታ አስብ። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተህ ግን አስቀምጠውና ውጣ። ተከራዮቹ ሞተው ውስጡ እየበሰበሱ ነው።

ይሄን ማሽተት የተማርኩት በጥፋቴ ነው። አንድ ጊዜ እዚያ ቤት እንግዳ ሊመጣ ሆነ። ድንጋዮቹ ላይ ቡናማ ሻጋታ መሳይ ነገር ይታየኛል። ቤት አጽዳ የተባለ ሰው ምን ያደርጋል? ሦስቱን ትልልቅ ድንጋዮች አውጥቼ በሙቅ የቧንቧ ውኃ፣ በብሩሽ፣ እጄ እስኪላጥ ፈተግኳቸው። አምረው ነጡ። መለስኳቸው። በሁለተኛው ቀን ውኃው አጓት መሰለ፤ ዓሣ ሞተ። ባለሙያው ሲመጣ አልተቆጣም። አንዱን ድንጋይ አወጣና አሸተተው፣ ከዚያ ለእኔ አቀበለኝ። «አሽትቺ» አለኝ። ያ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ሌላው ማየት ያለብህ ድንጋዩ ሻጩ ጋ ስንት ጊዜ እንደቆየ ነው። «ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ» ሲልህ ደስ አይበልህ። በእርጥብ ጋዜጣ ተጠቅልሎ የመጣ ድንጋይ ላይ ግማሹ ነዋሪ መንገድ ላይ ሞቷል። ሁለት ወር ሻጩ ገንዳ ውስጥ ያረፈው ይሻልሃል። የአሞኒያ መመርመሪያህን ይዘህ ሂድ። ድንጋዩ ከተቀመጠበት ውኃ ትንሽ ቅዳና እዚያው ሻጩ ፊት ፈትሽ። ዜሮ ካላሳየ አትግዛ። ሻጩ ከተቀየመህም ይቀየም።

«በነጋታው ዓሣ» የሚለውን እርሳው። ድንጋዩ ከአዲስ አበባ እስከ እኛ ከተማ 130 ኪሎ ሜትር በመኪና ይመጣል። ትንሽ መሞቱ አይቀርም። በዚያ ላይ አሁን ያለነው ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር በላይ ነው። የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የሚበሰብስ ነገር ደግሞ ኦክስጅን ይበላል። ዱባይ ላይ ዓሣን የሚያደክም ብስባሽ ደብረ ብርሃን ላይ ይገድላል። ስለዚህ ፓምፕህ የውኃውን ፊት ሁልጊዜ እንዲያተራምሰው አድርግ። ረግቶ የሚያብረቀርቅ ውኃ ለፎቶ ነው።

አሁን የእኔን ምክር ልንገርህ። አሥሩን ኪሎ ሕያው አትግዛ። 5 ኪሎ ደረቅ ድንጋይ ግዛ። ከባሕር የተነቀለ መሆን የለበትም፤ ለአኳሪየም ተብሎ ፋብሪካ የሚሠራም አለ። ዋጋው ይቀንሳል፣ ተባይ ይዞ አይመጣም፣ ቢገለበጥ ቢቀመጥ አይሞትም። ከዚያ ከቆየ ጤነኛ ገንዳ ቡጢ የምታክል አንዲት ሕያው ድንጋይ ፈልግ። እርሾ በላት። ሊጥ በሙሉ እርሾ እንዲሆን ማን ይጠብቃል?

የእኔ ገንዳ እንደዚያ ነው የተጀመረው። ደረቁን ድንጋይ ከዱባይ በሻንጣ፣ እርሾውን አዲስ አበባ ካለ አንድ አኳሪየም ካለው ሰው። ኅዳር ሚካኤል ዕለት ውኃ ሞላሁ። ከዚያ የባሰ ወቅት መምረጥ አይቻልም ነበር፤ ውጭ አመዳይ ይጥላል። በየሦስት ቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣል አደርጋለሁ፣ እንዲበሰብስና ባክቴሪያው የሚበላው እንዲያገኝ። አሞኒያው ወጣ፣ ወረደ። ናይትራይቱ ወጣ፣ ቆየ፣ ቆየ፣ ወረደ። እናቴ በየማለዳው «ዛሬም ውኃ ብቻ ነው የምታሳድጊው?» ትለኛለች። የመጀመሪያው ዓሣ የገባው ከጥምቀት በኋላ ነው። ስምንት ሳምንት አልፎታል። ሞቅ ባለ አገር አራትም አምስትም ሳምንት የሚበቃበት ጊዜ አለ።

አደራደሩን በአጭሩ፦ ሦስት ወይም አራት ትልልቅ ድንጋይ ከአሥር ትንንሽ ይሻላል። መጀመሪያ ድንጋዩን መስታወቱ ወለል ላይ አስቀምጥ፣ አሸዋውን በኋላ ዙሪያውን አፍስስ። አሸዋ ላይ ካስቀመጥከው ጉድጓድ ቆፋሪ ሽሪምፕ (ባለ ብዙ እግር ትንሽ የባሕር እንስሳ) ሥሩን ይምስና ሌሊት ሲናድ ትሰማለህ። ከኋላ መስታወት ጋር አታጣብቀው፤ ውኃ ይዙርበት።

ጥያቄ፦ የተከበሩ አምደኛ፣ የምኖረው መርሐቤቴ ዓለም ከተማ ነው። በጀማ ሸለቆ ገደል ላይ የኖራ ድንጋይ እንደ ልብ ነው። ላይቭ ሮክ ከኖራ ከተሠራ፣ የራሳችንን ድንጋይ ተጠቅመን ገንዘብ ማዳን አንችልም? (መምህር፣ ዓለም ከተማ)

መልስ፦ መምህር፣ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነው የቆየሁት።

እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ላልሰሙት ልንገር። ያ የጀማ ኖራ የባሕር ልጅ ነው። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ በፊት፣ በጁራሲክ ዘመን፣ ይሄ አገር ጥልቀት በሌለው ባሕር ተሸፍኖ ነበር። የቀንድ አውጣውና የዛጎሉ ቅሪት፣ የኖራው ደለል ተጠራቅሞ ድንጋይ ሆነ። በኋላ እሳተ ገሞራው ጥቁሩን ድንጋይ ከላይ ደረበበት፤ ጀማና አባይ ደግሞ ቆርጠው አወጡት። የለሚ ሲሚንቶ ፋብሪካ እዚያው ሰሜን ሸዋ የተተከለው ይሄ ኖራ ስላለ ነው። ስለዚህ ባሕር የለንም ብለን ስናለቅስ ገደሉ ይታዘበናል።

ወደ ጥያቄው ስመለስ፦ ይቻላል፣ ግን በልኩ። ያ ድንጋይ በዘመን ብዛት ተጠቅጥቆ ድፍን ሆኗል። የኮራል ድንጋይ ያለው ያ ሁሉ ዓይን የለውም። ባክቴሪያ ላዩ ላይ ይኖራል፣ ውስጡ ግን ቤት አያገኝም። ስለዚህ መሠረት ያድርጉት። ከታች ሁለት ድንጋይ የእርስዎ፣ ከላይ ቀዳዳ ያለው የተገዛ። መሰርሰሪያ ካለዎት ቀዳዳ ቢያበጁለት ደግሞ የተሻለ ነው።

ሲመርጡ አቼቶ ይያዙ። ጠብ ሲያደርጉበት ፉሽ ብሎ አረፋ ካወጣ ኖራ ነው። ዝም ካለ ሌላ ነው። በዚያው ሸለቆ ከኖራው በታች ጂፕሰም ስላለ ይጠንቀቁ። ነጭ ነው፣ ያምራል፣ በጥፍር ይጫራል። አቼቶ ሲነካው ዝም ይላል፣ ውኃ ውስጥ ግን ቀስ በቀስ ይሟሟል። እሱን ይተዉት። ዝገት የመሰለ ቀይ ሥር ያለበትን፣ አረንጓዴ ነጠብጣብ ያለበትንም እንዲሁ። አረንጓዴው መዳብ ሊሆን ይችላል፤ መዳብ ሽሪምፕንና ኮራልን የሚገድለው በጣም በትንሹ ነው። ከእርሻ ዳርም አይውሰዱ። የማዳበሪያው ፎስፌት ድንጋዩ ውስጥ ገብቶ አኳሪየምዎን የአልጌ ማሳ ያደርገዋል።

ካገኙ በኋላ ያለ ሳሙና በብሩሽ ይፈትጉት፣ አንድ ወር በንጹሕ ውኃ ይዘፍዝፉት፣ ውኃውን ይቀያይሩለት።

አንድ ነገር ግን አይጠብቁ። «ኖራ ስለሆነ ለኮራሉ ካልሲየም ይሰጣል» የሚሉ አሉ። አኳሪየሙ ውስጥ ፒኤች (የውኃው አሲድነት መለኪያ) 8.2 አካባቢ ነው። እዚያ ላይ ኖራ አይሟሟም። ካልሲየሙ የሚመጣው ከጨው ቅልቅሉ ነው። ዛጎል የታተመበት ድንጋይ ካጋጠመዎት ደግሞ እባክዎ ውኃ ውስጥ አይክተቱት፤ ክፍል ይዘውት ይግቡ፣ ተማሪዎቹ ይዩት።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ከገዛሁት ድንጋይ ውስጥ ፀጉራም ትል ወጣ። ሌሊት ደግሞ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ እሰማለሁ። አስጠላኝ። ድንጋዩን አውጥቼ በትልቁ ድስት ልቀቅለው ነው። (የቤት እመቤት፣ ደብረ ሲና)

መልስ፦ እንዳታደርጊው! እህቴ፣ ድስቱን መልሺ።

አንዳንድ ድንጋይ ላይ ዞአንቲድ የሚባሉ፣ የልብስ ቁልፍ የሚመስሉ ትንንሽ የባሕር እንስሳት ይበቅላሉ። ከነሱ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ መርዝ አላቸው፤ ከሚታወቁት የተፈጥሮ መርዞች እጅግ ከባዱ ውስጥ ነው። መፍላት አያጠፋውም። ድንጋይ ቀቅለው በእንፋሎቱ ብቻ ቤተሰቡ ሁሉ ሆስፒታል የገባባቸው ሰዎች በሌላ አገር አሉ። አትቀቅይ፣ ማይክሮዌቭ ውስጥም አታስገቢ። በነካሽ ቁጥር ጓንት አድርጊ፣ ዓይንሽን አትንኪ።

ፀጉራሙ ትል ግን ወዳጅሽ ነው። የተረፈ ምግብና የሞተ ነገር ይጠርጋል። በባዶ እጅ ከነካሽው ፀጉሩ እንደ ሳማ ይለበልባል፣ ይኸው ነው ጥፋቱ። የሚያንኳኳው ማንቲስ ሽሪምፕ ሊሆን ይችላል። እሱ ወዳጅ አይደለም፤ ትንንሽ ዓሣና ሸርጣን በቡጢ ይገድላል። ሌሊት በባትሪ እያየሽ ከየትኛው ድንጋይ እንደሚመጣ ለዪ። ያንን ድንጋይ ብቻ ባልዲ ላይ ይዘሽ፣ ከአኳሪየሙ የበለጠ ጨው የበዛበት ውኃ ቀዳዳው ውስጥ አፍስሺ፤ ብዙ ጊዜ ሮጦ ይወጣል።

ትንሽ የዘንባባ ዛፍ የመሰለ ቡናማ ነገር ካየሽ አይፕታሲያ የሚባል ተባይ ነው። አትጨፍልቂው፤ ከእያንዳንዱ ቁራጭ ሌላ ይበቅላል። ፔፐርሚንት ሽሪምፕ ይበላዋል።

ጥያቄ፦ ለድንጋዩ ማቆያ ውኃ የአፍዴራ ጨው መጠቀም ይቻላል? ድሮ አባቶቻችን በአሞሌ ይገበያዩ የለ፣ ያስ ከባሕር አይደለም? (አንባቢ፣ መሐል ሜዳ)

መልስ፦ አሞሌው ወጥ ውስጥ ይሁን። የገበያ ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ነው፣ በቃ። የባሕር ውኃ በሊትር 35 ግራም ጨው አለው፤ ከዚያ ውስጥ 1.3 ግራም ያህሉ ማግኒዥየም፣ 0.4 ግራም ያህሉ ካልሲየም ነው፣ ሌላም ብዙ። ያ ሁሉ ከሌለ አልጌውም ኮራሉም አይኖርም። ለአኳሪየም የተዘጋጀውን የጨው ቅልቅል ግዛ። መጠኑን በሪፍራክቶሜትር (የጨው መለኪያ መሣሪያ) እየለካህ 35 ላይ አቁም።

መሐል ሜዳ ስለሆንክ አንድ ልጨምር። ዋናው ጠላትህ ብርድ ነው። ውኃው ከ24 እስከ 26 ዲግሪ መሆን አለበት። ለ60 ሊትር አንድ 150 ዋት ሂተር (የውኃ ማሞቂያ) ከመግዛት ሁለት 75 ዋት ይሻላል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ያቆይሃል። መብራት ሲጠፋ አኳሪየሙን ከጎንና ከኋላ በባና ሸፍነው። የመንዝ ሰው ሆነህ ባና አጣሁ እንዳትለኝ! ላዩን ግን ክፍት ተው፣ አየር ይግባ። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕም ይኑርህ። ብርዱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ መታፈኑ ግን በጥቂት ሰዓት ነው። ኦክስጅን ሲያልቅ ድንጋዩ ውስጥ ያለውም ይሞታል፤ ሲሞት ደግሞ ዓሣውን ይዞ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ከባሕሩ ዳር ሁለት ኬሻ ድንጋይ ጭነህ ና ልበለው? ባለቤቴ «ድንጋይ በብር ከምትገዛ» እያለች ነው። (ነጋዴ፣ ሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ አትበለው። ኮራል ጠንካራው ዓይነት፣ አጥንቱም ጭምር፣ ሊጠፉ የሚችሉ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው፣ ሳይቲስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሥር ነው። ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም። ኢትዮጵያ ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ አባል ናት። ወንድምህ ኬላ ላይ በድንጋይ ምክንያት መኪናው ቢያዝ ለባለቤትህ ምን ትላታለህ? ደግሞም በጠራራ ፀሐይ ኬሻ ውስጥ ሁለት ቀን የተጓዘ ሕያው ድንጋይ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሕያው አይደለም። ጎረቤት ሁሉ በጠረኑ ያውቀዋል። ወደብ አካባቢ የተለቀመ ከሆነ ደግሞ ነዳጅ የጠጣ ሊሆን ይችላል።

ብርድ ግን አንተ ጋ የለም፤ በዚህ እቀናብሃለሁ። ያንተ ችግር ሙቀቱ ነው። ውኃው 28 ዲግሪ ሲያልፍ ከላይ ትንሽ ማራገቢያ አብራበት፤ ሲተን ይቀዘቅዛል። የተነነውን በጨው ውኃ አትሙላው፣ በንጹሕ ጨው አልባ ውኃ ነው። ጨው አይተንም።

እና የደብረ ብርሃኑ ወጣት፦ ከእኔ ገንዳ ቡጢ የምታክል አንዲት ድንጋይ ተርፋኛለች፤ ወይን ጠጅ አልጌ ለብሳለች። ደረቁን ድንጋይህን ደርድረህ፣ ጨውህን 35፣ ሙቀትህን 25 ካደረስክ በኋላ ለዝግጅት ክፍሉ ደብዳቤ ላክ። ክዳን ያለው ባልዲ ይዘህ ና። በፌስታል ልትወስዳት ከመጣህ ከበር እመልስሃለሁ።